በሩ ላይ የተቀባው ቁጥር

ሰኔ 11

ዝናብ። ስልኩ እንደ ልማዱ ውሃ የነካው ዘይት ይመስል ተንጣጣ። አንዲት ሴትዮ «በር ተዘግቶብኝ…» አለች፣ ከዚያ ጭጭ። ሃሎ… ሃሎ… ማን ይመልስ? ምሳ ሰዓት ላይ ማዶ ያለው ቁልፍ ሠሪ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ አየሁት። የኔዋ ሴትዮ ናት። ሌላ ማን ልትሆን?

ስልክ መሥሪያ ቤቱ ጋ ደወልኩ፣ በሞባይሌ። መስመሩ አርጅቷል፣ ሲዘንብ ገመዱ ውሃ ያስገባል፣ ቢጠገንም አይበረክትም፣ ለምን የኢንተርኔት ስልክ አታስገቡም አለኝ ልጁ። በሽታው ራሱ መድኃኒት ሲያዝ አልሰማሁም ነበር።

ለማሙሽ ነገርኩት። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጢሙ ሸብቶም ማሙሽ ነው። እኔ ማሽኑ ላይ ቁልፍ እቀርጻለሁ፣ እሱ ስልክ ያነሳል፣ ሲጠራም ሄዶ የሰው በር ይከፍታል። «ይግባ» አለ። «ቁጥሩ ግን እንዳይቀየር።» እሺ አልኩ። ሱቁን ስንዘጋ ደገመው። መንገድ ላይ ስንለያይ ሠለሰው።

ምነው ቁጥር ቁጥር አበዛ?

ሰኔ 14

ከረባት ያሰረ ልጅ መጣ፣ የኢንተርኔት ስልክ የሚሸጥ። ማን ላከው? እኔ ለማንም አልተናገርኩም… ከስልክ መሥሪያ ቤቱ በስተቀር። ቅቤው ብዬዋለሁ። ምላሱ አያርፍም። «እናቴ» ይለኛል ደግሞ። እናቱ ትኑርለት፣ ስንት ዓመት ብበልጠው ነው?

የጠረጴዛ ስልኩ በነፃ። የመጀመሪያው ወር በነፃ። የፈለግነውን ያህል መደወል በነፃ። ሰው ነፃ ሲያበዛብኝ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል። «ታዲያ እናንተ ምን ትበላላችሁ?» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልመለሰም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

አንድ ነገር ግን አለው፤ ቁጥሩ አዲስ ይሆናል። «አሮጌውን እርሱት እናቴ፣ አዲሱ ለመያዝም ይቀላል» አለ። ማሙሽ ይሄን ሲሰማ ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ወጣ።

እርግጥ ቁጥሩ የአባዬ ቁጥር ነው። ሱቁን ሲከፍት በገዛ እጁ በሩ ላይ የቀባው። ሰባቷን ትንሽ አጣሟታል፣ እኔ ልጅ ሆኜ እስቅባት ነበር። ግን ለቁጥር ተብሎ ዕቃ ይወረወራል?

ሰኔ 18

ዛሬ ደግሞ ማሙሽ የራሱን ሰው ይዞ መጣ። ባለ መነጽር ሴት፣ ከሌላ ድርጅት። የት አገኛት? «ሰው ጠቁሞኝ» አለ። ማነው ሰውዬው?

እሷ አልሳቀችም። መጀመሪያ ያየችው የኢንተርኔቱን ሣጥን ነው፣ ከቁልፍ ማሽኑ ኋላ፣ የብረት መደርደሪያው ሥር። «እትዬ፣ እዚህ ማን አስቀመጠው?» አለች። እኔ ነኝ፣ ሌባ እንዳያየው ብዬ። ብረቱ ምልክቱን ይውጠዋል አለች። አነሳችው፣ የማሽኑን ብናኝ ጠረገች፣ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው፣ ለካች፣ አሁንም ፊቷን አጨፈገገች። ከዚያ ክፉ ክፉውን ዘረዘረችልኝ። ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፣ ይሻሻል። መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል፣ ባትሪ ግዙ። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ጥሪው ወደ ሞባይላችሁ እንዲሻገር አደርጋለሁ። አሮጌው ቁጥር አብሯችሁ ይመጣል፤ ግን እስኪዛወር ድረስ አሮጌውን መስመር እንዳታቋርጡ። ከተቋረጠ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ አይመለስም።

ዋጋዋም ከቅቤው ይበልጣል።

የገዛ ዕቃዋን የምታማ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ቅቤው ደጉን ብቻ ይናገራል፣ አላመንኩትም። እሷ ክፉውን ብቻ ትናገራለች፣ እሷንም አላመንኳት። ማሙሽ ግን ዓይን ዓይኗን እያየ «እትዬ፣ እሷ ትሁን» አለ፤ እኔን ሁልጊዜ እታለም ነው የሚለኝ። ሲያባብለኝ እትዬ ይላል።

ሰኔ 20

እሑድ። አባዬ ጋ ሄድኩ። እንደ ሁልጊዜው ኮቱን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ በር ላይ ጠበቀኝ። አምና ድስት እሳት ላይ ረስቶ ከወጣ ወዲህ እሑድ እሑድ እመረምረዋለሁ። ያኔ ብዬዋለሁ፦ አንድ ነገር ቢደገም ቤቱ ይዘጋል፣ ዕቃህ ይጠቀለላል፣ እኔ ጋ ትገባለህ። ክፍሉንም አዘጋጅቻለሁ። ግን ተመስገን ደህና ነው። ቀኑን ጠየቅኩት፣ እሑድ አለ። የልጄን ክፍል ጠየቅኩት፣ አሥረኛ አለ። ሳልጠይቀውም «መድኃኒቴን ውጫለሁ» አለ።

ሥራ እንዴት ነው ሲለኝ ስልኩን ልንቀይር ነው አልኩት። የቡናው ስኒ እጁ ላይ ቆመ። «ቁጥሩን?»

እሱም! ማን ነግሮት? ማሙሽ አስጠንቶታል፣ ሌላ ማን ያስጠናዋል። መስመሩ በአባዬ ስም ነው። አባዬ ከፈረመ ቁጥሩ ወደ ፈለገው ሰው ይዞራል… ወይ ጉድ።

ሰኔ 22

ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ማሙሽ እኔን ቀድሞ ዘለለ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወራ፣ ቦርሳውን ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ስልኮች ብዙዎቹ እንዲህ ሆነዋል። ሲመለስ ምን ነበር አልኩት። «ደርሼ በሩ ተከፍቶ አገኘሁት።»

ባለፈው ሳምንትም በሩ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ በፊትም። የዚህ ከተማ በሮች ምን ነካቸው፣ ማሙሽን ሲያዩ የሚከፈቱ?

«የምስክሩን ነገር ጠየቅክ?» አልኩት። የአባዬ ሕግ ነው፣ ሱቁ የቆመበት፦ ሌባም በር ተዘግቶብኝ ይላል፤ ከመሄድህ በፊት ቤቱ የእርሱ ለመሆኑ ማን እንደሚመሰክር ጠይቅ። «ጠይቄያለሁ» አለ። ዓይኔን ግን አላየም።

ሰኔ 23

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሰኔ 25

ያልተቀረጹትን ቁልፎች አስተካክዬ ስደረድር የረጅሙ ዓይነት ሣጥን ጎድሎ አገኘሁት። ያ የድሮ በር ቁልፍ ነው፣ ዛሬ ማንም አያስቀርጸውም። እኔ አልቀረጽኩም። ማሽኑ ሥር ግን የናሱ ብናኝ አለ… እኔ ሳልኖር የተቀረጸ። ለማን? በማን ትእዛዝ?

አሁን ገባኝ። የራሱን ሱቅ ሊከፍት ነው። ዕቃውን ከዚህ፣ ደንበኛውን ከዚህ፣ ቁጥሩንም በአባዬ ፊርማ ይዞ ይወጣል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ቁጥሩ የሚለው። እኔ ምን ይዤ እቀራለሁ? በር ላይ የተቀባ ቀለም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው እኮ። ምሳ አልበላሁም።

ሐምሌ 1

ቅቤውን ራሴ ጠራሁት። ለሙከራ ግጠምልኝ፣ ከሙከራው በኋላ ግዴታ የለብኝም ብለህ በራስህ እጅ ጻፍ አልኩት። «እናቴ አይተማመኑም?» አለ። አልተማመንም።

ገጠመው። በአሮጌው ቁጥር የሚደወለው ሁሉ ወደ አዲሱ ይሻገራል፤ ሱቁ ያለው ስልክና የኔ ሞባይል እኩል ይጮኻሉ፣ ቀድሞ ያነሳ ያወራል። ይቺን ወደድኳት። ማሙሽ ሞባይሌም እንደሚጮኽ አያውቅም፤ አልነገርኩትም። ቀድሜው አነሳለሁ… ቀኑ ሲደርስ።

ሐምሌ 2

ቅቤው ሳይነግረን ማሽን ሴትዮ አስገብቷል። ስልኩን ታነሳና «ለቁልፍ ቀረጻ አንድን ይጫኑ፣ በር ለማስከፈት ሁለትን ይጫኑ» ትላለች። ሰው በዝናብ ውጭ ቆሞ ቁጥር ይቆጥራል? እኔ እንኳን ሞክሬ አንድ ስጫን መጀመሪያው ላይ መለሰችኝ።

ማሙሽ ሲሰማት ፊቱ ተቀያየረ። «ይቺን ሴትዮ አሁኑኑ አስወጪልኝ» አለ። ሞረዱን የወረወረ ቀን እንኳን እንዲህ አይቼው አላውቅም። «ቁጥር ጫኑ ሲሏቸው የማይገባቸው ሰዎች አሉ እታለም።»

የትኞቹ ሰዎች? ግን እውነቱን ነው፣ ማሽኗ ምስክር አትጠይቅም። አስወጣኋት። በማሙሽ ቃል ሳይሆን በአባዬ ሕግ።

ሐምሌ 5

እጅ ከፍንጅ!

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ማሙሽ ማዶኛው ሱቅ በራፍ ላይ ቆሞ ያወራል። ከማዶኛው ጋር! ደንበኞቻችንን እየለቀመ ከሚበላው ሰውዬ ጋር። ሰውዬው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው፣ ማሙሽ አንገቱን ደፋ። እኔን ሲያይ ተሻገረ። ምን ነበር አልኩት። «ሰላም ልለው ነው።»

ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰው ጋር ሰላም አልተባባልንም፣ ሰላም ዛሬ ወጣ? ቆሽቴ አረረ። ዳቦውን ቆርጬ ግማሹን ሰጠሁት፣ በላ። እንዴት ወረደለት?

ሐምሌ 6

ወሰንኩ። የቅቤውን አስገባለሁ፣ አዲስ ቁጥር፣ በስሜ። አሮጌውን መስመር አስቆርጠዋለሁ። የአባዬ ውክልና እኔ ጋ ነው፣ ማንንም አላስፈቅድም። ቁጥሩ ለእኔ ካልሆነ ለማሙሽም አይሆንም። ሱቁ እንደገና ይለመዳል። በሩንም አስቀባለሁ።

ባለ መነጽሯ ስልክ ደውላ ነበር። አሮጌውን እንዳታቋርጡ ብላ አስታወሰችኝ። ምን አገባት? አላነሳሁም ማለት ይቀላል፣ አንስቼ ዘጋሁባት።

ሐምሌ 7

መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ ሌላ እነግረዋለሁ።

ከምሳ በኋላ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ማሙሽን ዕቃ ልገዛ ነው አልኩት። ተሰለፍኩ፣ ይቋረጥልኝ ብዬ ማመልከቻውን ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። ገና በሩን ስወጣ ሞባይሌ ጮኸ። የሱቁ ጥሪ። ከሰዓት በኋላ… የማሙሽ ሰዓት። ቀድሜው አነሳሁ። ያዝኩህ አልኩ በልቤ።

«ሃሎ፣ ቁልፍ ቤት ነው?»

ድምፁ ለክፋቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። አባዬ።

ነው አልኩ መሰለኝ።

«በሬ ተዘግቶብኝ ውጭ ቆሜያለሁ። ሰው ላኩልኝ። ያ ልጅ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ እጁ ጥሩ ነው።»

ያ ልጅ? አባዬ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ሌላ ነው። ስንት ዓመት ያልኩት ነገር፣ ምላሴ ለብቻው የሚያውቀው።

«ቤቱ የእርስዎ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?»

አባቴን እርስዎ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ጎበዝ» አለ። «መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እንዲህ ነው የሚሠራው።» ትንሽ አሰበ። «ልጄ ትመሰክራለች። እሷም ቁልፍ ሠሪ ናት።»

«ልጥራት?»

«አይ፣ አይ… እሷን ተዪያት፣ የኔ ልጅ። ከሰማች ቤቴን ቆልፋ ትወስደኛለች።»

ሰው ይላካል፣ እዚያው ይቁሙ አልኩትና ዘጋሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሚወጣ የሚገባው ሰው እየዘለለኝ ያልፋል። ለማሙሽ ደወልኩ፤ «አባዬ ውጭ ቆሟል» ብቻ አልኩት። «መጣሁ… ማለቴ፣ ሄድኩ» አለ።

ከዚያ ነው የቁጥሩ ነገር ትዝ ያለኝ። አባዬ የማሙሽን ሞባይል አያውቀውም፣ የኔንም። በቃሉ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው፣ በእጁ የቀባውን። እኔ ደግሞ አሁን አስቆርጬው ወጣሁ!

ሮጬ ገባሁ። ሰልፉን ጥሼ መስኮቱ ጋ ደረስኩ፣ ከኋላዬ ተንጫጩ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ቁረጡልኝ አላሉም እንዴ?» አዎ፣ አሁን ደግሞ አትቁረጡ እላለሁ አልኳት። «ሴትዮ፣ ይወስኑ እንጂ።» ማመልከቻው ገና ከጠረጴዛዋ አልተነሳም ነበር። መለሰችልኝ። እዚያው ፊቷ ቀደድኩት። ሳለቅስ ስታየኝ ወንበር ልስጥዎ አለችኝ።

ሐምሌ 8

ማሙሽ ሁሉንም ነገረኝ። ሱቁን ሳንከፍት፣ በሩን ከውስጥ ዘግተን።

ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። የአባዬ በር አባዬ ራሱ የሠራው ቁልፍ አለው፣ ሲዘጋ ለብቻው የሚቆለፍ። ይወጣል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፣ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። በኪሱ ባለችው ሞባይል ሱቁ ጋ ይደውላል፤ ስም ፈልጎ መደወል ጠፍቶታል። አንዳንድ ቀን «ማሙሽ፣ ና» ይላል። አንዳንድ ቀን እንደማንኛውም ሰው ቁልፍ ሠሪ ላኩልኝ ይላል። ማሙሽ ይሄዳል፣ ይከፍታል። «ማን አስተማረህ?» ይለዋል። «አባቴ» ይለዋል ማሙሽ። «ጥሩ አባት ነው» ይለዋል።

ረጅሞቹ ቁልፎች ለእሱ የተቀረጹ ናቸው። በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥልለታል፣ አባዬ ደግሞ እንዳይጠፋ ብሎ ይደብቀዋል፣ የደበቀበት ይጠፋዋል። ለምን ቁልፉን አልቀየርከውም አልኩት፣ ቁልፍ ሠሪዎች አይደለን እንዴ! ቀይሬው ነበር አለ። አባዬ ሌባ በሬን ነካው ብሎ ፈትቶ፣ የራሱን መልሶ ገጠመው። ልጁ መሆኔን ረስቶ፣ ቁልፉን አልረሳም አለኝ። ሳቅን።

ማዶኛውስ? በዚያ በሰኔ ዝናብ፣ ያቺ ሴትዮ የጠፋችብኝ ቀን፣ አባዬም ደውሎ መስመሩ አልሠራለትም። ውጭ ሲበሰብስ ጎረቤት አይቶ ማዶኛውን ጠራለት። ሲሮጥ ያየሁት ወደ አባቴ ነበር። ሰውዬው የአባዬን ቁልፍ መክፈት አቃተው፣ ኮቱን አውልቆ አለበሰውና ማሙሽን በሞባይሉ ጠራው። ባለ መነጽሯንም የጠቆመው እሱ ነው፤ የራሱን ስልክ የገጠመችው እሷ ናት።

እኔ ግን ምን ብዬ ነበር? ደንበኛዬን ሰረቀ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አትንገራት አለኝ እታለም። አለቀሰ እኮ። ምን ላድርግ?»

የእሑዱም ጉድ ወጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሙሽ ሄዶ ያስጠናዋል። ነገ እሑድ ነው፣ ልጇ አሥረኛ ክፍል ናት፣ መድኃኒቴን ውጫለሁ በላት። ይላጨዋል፣ ኮቱን ያዘጋጅለታል። ለፈተና እንደሚቀርብ ተማሪ። ፈታኟ እኔ።

ተናደድኩ። በማሙሽም፣ በአባዬም። ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ቃል… ቆልፋ ትወስደኛለች። እንደዚያ ነው የሚያየኝ? በር መክፈት ያስተማረኝ ሰው።

ሐምሌ 9

ማዶ ተሻገርኩ። ምን እንደምል አላወቅኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ሰውዬው አፈረ። «እኔስ የአባታችሁን ቁልፍ መክፈት አቅቶኝ ነው፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ» አለ። ደህና ሰው ነው። ዋጋው ግን ከእኛ ያንሳል፣ ያ ነገር አሁንም አልገባኝም።

ሐምሌ 12

ቅቤው መጣ። ሙከራው እዚህ ላይ ያበቃል አልኩት። «እናቴ፣ ሙከራውን ከተቀበሉ ሁለት ዓመት ይቀጥላል እኮ» አለ፣ ሳቁ ሳይጠፋ። በእጁ የጻፈውን አሳየሁት። ሳቁ ጠፋ። ተጠራጣሪ መሆን አንዳንዴም ይጠቅማል፣ ማሙሽ ይስማ።

ባለ መነጽሯ ጋ ደወልኩ። ስልክ የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ አልኳት። «አውቃለሁ እትዬ፣ ብዙ ሰው ይዘጋብኛል» አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ አንድ ሽማግሌ በዝናብ ውጭ ቆሞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ማሙሽ ሥራ ላይ ሆኖ በዚህ ቁጥር ቢደውል ሰው ያነሳለታል? በዋጋ አልተከራከርኩም፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ። ባትሪውን ከገዛችሁ፣ ቁጥሩ በሰላም ከተዛወረ፣ ሁለታችሁም ሞባይላችሁን ካልዘጋችሁ… ያነሳለታል አለች። «ካልሆነ ግን ያነሳለታል ብዬ አልዋሽዎትም» አለች።

እሷን መረጥኩ።

ሐምሌ 15

ሐሙስ ነው፣ እሑድ አይደለም። ሳልነግረው አባዬ ጋ ሄድኩ። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ተገልብጧል። ሲያየኝ ደነገጠ። ዓይኑ ኮቱን ፈለገ። «ዛሬ… እሑድ ነው?» አለ።

አይደለም አባዬ፣ እንዲሁ መጣሁ አልኩት። ቀን አልጠየቅኩትም። ክፍል አልጠየቅኩትም። ይሄ ቁልፍህ አስቸገረኝ፣ እስቲ አሳየኝ አልኩት። ፈታው፣ አንድ በአንድ ጉልበቴ ላይ ደረደረው። እጁ አይሳሳትም። ለብቻው የሚቆልፈውን ምላስ እያሳየሁት ይቺን ብናወጣትስ አልኩት። አሰበና አወጣት። ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ልትወስጂኝ ነው?»

«አልወስድህም። በርህን ማንም አይቆልፍብህም። እየመጣሁ አይሃለሁ፣ እዚሁ።»

አመነኝ? አላውቅም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ከእሱ ነው የወረስኩት።

ሐምሌ 24

ምላሷን መልሶ ገጥሟታል። ጎዶሎ ሥራ ማን ሠራ ብሎ ተቆጥቶ። ይሁን። ምድጃውን ግን ማሙሽ በራሱ በሚጠፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀየረው፣ ጎረቤቱም የኔን ቁጥር ይዟል። ማታ ማታ እኔና ማሙሽ አባዬ ጋ በየተራ እንሄዳለን።

ነሐሴ 3

ቁጥሩ ዛሬ ተዛወረ። ባለ መነጽሯ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ዋለች። በመጨረሻ ከራሷ ሞባይል ደወለች። የሱቁ ስልክ ጮኸ፣ የኔም፣ የማሙሽም፣ በአንድ ላይ። መብራቱን ራሷ አጠፋችና ደገመችው። ጮኸ። ኢንተርኔቱን ነቀለችና ሠለሰችው። ሱቁ ዝም አለ፣ ሁለቱ ሞባይሎች ጮኹ። ማሙሽ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በሩን አላስቀባሁትም። ሰባቷ እንደተጣመመች ናት።

ነሐሴ 11

ዝናብ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። ማሙሽ እጁን ሰደደ፣ እኔ ቀደምኩት። ዝናቡ ይህን ሁሉ እየጣለ የአባዬ ድምፅ አጠገቤ ያለ ያህል ነው።

በሬ ተዘግቶብኛል አለ። ሰው ላኩልኝ።

ማሙሽ ያየኛል። ዝም ብዬ ልሄድ እችል ነበር። ግን እሱ የሚወደው እንዲጠየቅ ነው፣ ሥራ በወጉ ሲሠራ።

«ቤቱ የእርስዎ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?»

«ልጄ ትመሰክራለች። ቁልፍ ሠሪ ናት።»

«ልጥራት?»

ዝናቡ ይሰማኛል፣ በእሱ በኩል ያለው። ያስባል።

«ጥሪያት» አለ። «ሰሞኑን ፀባይዋ ደህና ነው።»

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ማሙሽ ስልኩ ጋ ቀረ።